«ጥያቄህ የት አለ?» ለተባለው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዓለም አቀፍ ግንኙነት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ «የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በኢትዮጵያና በግብፅ ግንኙነት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ ባቀርብም አማካሪዬ ደጋግሞ መልሶብኛል። የሚለኝም «ርዕስ አለህ፤ ጥያቄህ የት አለ?» ነው። ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ የቀረኝ ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። ርዕሱን ልቀይር? የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ልጠቀም? ባለሥልጣን ሳላነጋግር መጻፍስ ይቻላል?

ምላሽ፦ ርዕስህን ጨርሰህ አትጣል። ግድቡን ያዝ፤ ግብፅን ግን ለጊዜው ወደ ዳር አድርግና ሱዳንን መሐል አስቀምጥ። ይህን የምልበትን ምክንያት ሳስረዳ ሌሎቹ ሁለት ጥያቄዎችህም አብረው ይመለሳሉ። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን በያዝከው ርዕስ ላይ ያለው ችግር መልሱ ከጥናቱ በፊት መታወቁ ነው። ግድቡ በአዲስ አበባና በካይሮ መካከል ውጥረት ፈጥሯል፤ ይህን የሚክድ ሰው የለም። ማንም የማይክደውን ነገር ለማረጋገጥ መቶ ገጽ መጻፍ ደግሞ ምርምር አይባልም። የምርምር ጥያቄ ማለት ሁለት አዋቂ ሰዎች የተለያየ መልስ ሊሰጡበት የሚችሉት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻልም በማስረጃ ሊለይ የሚችል ጥያቄ ነው። ሌላም ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚብራራው ነገር መለዋወጥ አለበት። የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ ግድቡ እስከተመረቀበት እስከ ሴፕቴምበር 2025 ድረስ የካይሮ ድምፅ ከፍና ዝቅ ብሏል፤ ነገር ግን በሙሌቱና በአሠራሩ ላይ አስገዳጅ ስምምነት ይኑር፣ ታሪካዊ ድርሻዬም አይነካ የሚለው ፍላጎቷ በመሠረቱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ያልተንቀሳቀሰን ነገር «ለምን ተንቀሳቀሰ?» ብለህ ልትጠይቀው አትችልም።

በዚህ ርዕስ የሚጻፉ ጽሑፎች አሠራር ደግሞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግብፅ የአባይ ስጦታ ናት በሚለው የሄሮዶቱስ አባባል ይከፈታል። ቀጥሎ ኢትዮጵያና ብሪታንያ የተፈራረሙት የ1902 ውል፣ ከዚያ ብሪታንያና ግብፅ የተስማሙበት የ1929፣ ከዚያ ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የተካፈሉበት የ1959 ስምምነት ይመጣል። ውኃው በአብዛኛው ከኢትዮጵያ እንደሚመነጭ ይነገረናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ከዚህ በፊት ተጽፏል። አርባ ገጽ ካለፈ በኋላ ጸሐፊው ምን ሊነግረን እንደፈለገ አይታወቅም። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ያንተ የታሪክ ክፍል ከአምስት ገጽ አይለፍ፤ በእነዚያ አምስት ገጾች ውስጥም ኋላ ላይ የማትመለስበትን ውል አታንሳ።

አሁን ወደ ሱዳን እንሂድ። በዲሴምበር 2013 ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ በተገኙበት በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ላይ ሁለቱን አገሮች የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ መስመር ሲመረቅ ግድቡን እንደሚደግፉ በይፋ ተናገሩ። በማርች 2015 የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን መሪዎች በግድቡ ጉዳይ የሚመሩበትን የመርሆዎች መግለጫ የፈረሙት ካርቱም ላይ ነው። አል በሽር በኤፕሪል 2019 ከሥልጣን ወረዱ። በአሜሪካ መንግሥትና በዓለም ባንክ ታዛቢነት በዋሽንግተን ሲካሄድ የነበረው ድርድር በፌብሩዋሪ 2020 ሲጠናቀቅ ኢትዮጵያ አልተገኘችም፤ ሰነዱ ላይ የፊርማ ምልክት ያኖረችው ግብፅ ብቻ ነበረች፤ ሱዳን ተገኝታ ሳትፈርም ተመለሰች። በቀጣዩ ወር የዓረብ ሊግ ግብፅን የሚደግፍ ውሳኔ ሲያሳልፍ ሱዳን ድጋፏን ነፈገች። ካይሮ በዚህ ምን ያህል እንደተቆጣች መገመት አያዳግትም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ይዞራል። በሜይ 2020 የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ከኢትዮጵያ የቀረበላቸውን በመጀመሪያው ሙሌት ላይ ብቻ የሚያተኩር ከፊል ስምምነት አልቀበልም አሉ። በጁን ሱዳን ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደብዳቤ ጻፈች። በጁላይ የመጀመሪያው ሙሌት ተካሄደ። በዓመቱ መጨረሻ፣ የትግራይ ጦርነት ሲጀመር፣ የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች ወደሚወዛገቡበት የድንበር መሬት ወደ አል ፋሽቃ ገባ። በ2021 መጀመሪያ ካርቱም የአፍሪካ ኅብረት፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ የአውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ በጋራ ያሸማግሉን የሚል ሐሳብ አቀረበች፤ በማርች ከግብፅ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈረመች፤ በጁላይ የጸጥታው ምክር ቤት ጉዳዩን ሲያይ የሱዳኗ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርያም አል ሳዲቅ አል ማህዲ ከግብፁ ሳሜህ ሹክሪ ጋር በአንድ ወገን ቆመው ተናገሩ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት በዓረብ ሊግ ግብፅን ያልደገፈችው አገር ናት ይህችው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «ሱዳን ወደ ግብፅ ዞረች» ብለህ ጽፈህ ልትዘጋው ትችል ነበር። በጃንዋሪ 2023 ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ካርቱም ሲሄዱ የሱዳን ጦር አለቃ ጄኔራል አብዱል ፈታህ አል ቡርሃን በግድቡ ጉዳይ ከኢትዮጵያ ጋር በሁሉም ነጥብ ተስማምተናል አሉ። ያን ጊዜ ሙሌቱ ያለ ስምምነት ሦስት ጊዜ ተካሂዶ ነበር።

ጥያቄህ እዚህ ላይ ነው። የሱዳን መልክዓ ምድር አልተለወጠም፤ የሱዳኑ ሮዘሪስ ግድብ ከሕዳሴው ግድብ በታች መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ እንደነበረ ነው፤ የ1959 ስምምነትም እንደነበረ ነው። አቋሟ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠ። የማይለወጥ ምክንያት የሚለዋወጥን ውጤት ሊያብራራ አይችልም። ስለዚህ «ከ2013 እስከ 2023 የሱዳን አቋም በሕዳሴው ግድብ ላይ ለምን ተለዋወጠ?» የሚል ጥያቄ ብታቀርብ አማካሪህ ጥያቄ የለህም ሊልህ አይችልም። ሰፊ ነው ሊልህ ይችላል፤ ያኔ ከማርች 2020 እስከ ጁላይ 2021 ያለውን ብቻ እወስዳለሁ በለው። ለሰባት ወር ይህ ይበቃል፤ እኔ ብሆን ከመጀመሪያውም ይህንኑ ነበር የምመርጠው።

አሁን ተፎካካሪ ማብራሪያዎችን ደርድር። ብዙ ተማሪ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ሕይወት የሚያገኘውም እዚሁ ነው።

አንደኛው ማብራሪያ ውኃው ራሱ ነው። ሱዳን ከግድቡ ልትጠቀም ትችላለች፤ ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ፍሰት ታገኛለች፣ የክረምቱ ጎርፍ ይቀንስላታል፣ ግድቦቿን የሚሞላው ደለል ይቀንሳል፣ ርካሽ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ልትጎዳም ትችላለች፤ ምን ያህል ውኃ መቼ እንደሚለቀቅ በየቀኑ ካላወቀች ሮዘሪስን በአግባቡ ማንቀሳቀስ አትችልም። ይህ ማብራሪያ ትክክል ከሆነ የካርቱም አቋም የመረጃ ልውውጡን ተከትሎ መሄድ አለበት፤ መረጃ ሲሰጣት መለሳለስ፣ ሲነፈጋት መቆጣት። የ2020 መቆጣት በዚህ ይብራራል። የ2013ቱ ድጋፍ ግን ጥናቶቹ ሳይጠናቀቁ የመጣ ነው፤ የ2023ቱ መለሳለስም አስገዳጅ ስምምነት ሳይኖር የመጣ ነው። ይህ ማብራሪያ ግማሹን ያስረዳና ግማሹን ይተዋል።

ሁለተኛው ድንበሩ ነው። አል ፋሽቃ ለም መሬት ነው፤ ሱዳን የኔ ነው ትላለች፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለረጅም ጊዜ አርሰውታል። ግድቡ ለድንበሩ ጉዳይ መደራደሪያ ሆኖ ይሆን? የሚደግፈው ማስረጃ አለ። በሜይ 2021 የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኢትዮጵያ የቀድሞ ውሎችን የማትቀበል ከሆነ በቤኒሻንጉል ላይ ያላት ሉዓላዊነትም ጥያቄ ውስጥ ይገባል የሚል መግለጫ አውጥቶ ነበር። የ1902ቱ ውል ወሰንንም ውኃንም በአንድ ሰነድ ላይ የያዘ ስለሆነ ነው እንዲህ ማለት የተቻለው። (የ1902ን ውል ማንሳት ካለብህ እዚህ ላይ አንሳው፤ አሁን ሥራ አለው።) የሚቃወመው ማስረጃም አለ፤ ሐምዶክ ከፊል ስምምነቱን ያልተቀበሉት የሱዳን ጦር አል ፋሽቃ ከመግባቱ ከግማሽ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ነገር ግን በሜይ 2020 መጨረሻ ላይ ድንበሩ ላይ የሱዳን መኮንን የተገደለበት ግጭት ነበር፤ ለጸጥታው ምክር ቤት የተጻፈው ደብዳቤ ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ነው። እምቢታው ከግጭቱ በፊት፣ ደብዳቤው ከግጭቱ በኋላ። ስለዚህ በወር ደረጃ የተጻፈ የጊዜ ሰሌዳ አይበቃህም፤ በቀን መሆን አለበት።

ሦስተኛው የካርቱም የውስጥ ፖለቲካ ነው። ከ2019 በኋላ ሥልጣኑ በሲቪሎችና በጦሩ መካከል ተከፍሎ ነበር። የመስኖ ሚኒስቴሩ የውኃ መሐንዲሶች ቤት ነው፤ ጦሩ ከግብፅ ጦር ጋር የቆየ ትስስር አለው። ይህ ማብራሪያ ልክ ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተለያዩ የሱዳን ተቋማት የተለያየ ነገር ሲናገሩ ማግኘት አለብህ። «ጦሩ የግብፅ ነው» የሚለው ቀላሉ ቅጂ ግን በ2023 ይሰናከላል፤ ሲቪሎቹ በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ከተወገዱ በኋላ «ተስማምተናል» ያሉት ራሳቸው የጦሩ አለቃ ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያጓጓኝ ይህ መሰናክል ነው። ጄኔራሉ ያን ጊዜ በውስጥ ማን ይፎካከራቸው ነበር? ከካይሮ ጋርስ ምን አለመግባባት ነበራቸው? አንተም ብትጓጓ አይደንቀኝም።

አራተኛው የውጭ ግፊት ነው፤ የዋሽንግተን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ የካይሮ። ሱዳን ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገሮች ዝርዝር የወጣችው በዲሴምበር 2020 ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ሙሉ አሜሪካን ማስከፋት የማትፈልግበት ምክንያት ነበራት። እንዲያም ሆኖ በፌብሩዋሪ የዋሽንግተኑን ሰነድ አልፈረመችም። ይህን ማብራሪያ በማስረጃ መያዝ ከባድ ነው፤ ግፊት ስልክ ላይ ነው የሚደረገው፣ ስልክ ደግሞ ሰነድ አይተውም። ጊዜህ አጭር ስለሆነ በምዕራፉ ውስጥ ጠቅሰኸው እለፍ፤ ዋና ማብራሪያህ አታድርገው።

አራቱንም አልመዝንም፤ ሁለቱን እመርጣለሁ ብለህ በፕሮፖዛልህ ላይ በግልጽ ጻፍ። እኔ ድንበሩንና የውስጥ ፖለቲካውን እመርጥ ነበር፤ ሁለቱ ስለጊዜ ቅደም ተከተልና ስለተናጋሪው ማንነት የተለያየ ነገር ይተነብያሉ። ድንበሩ ልክ ከሆነ አቋሙ ድንበሩ ላይ ተኩስ በሰማ ቁጥር መጠንከር አለበት፤ የውስጥ ፖለቲካው ልክ ከሆነ ደግሞ አቋሙ የሚዞረው ካርቱም ውስጥ ሰው ሲሾምና ሲሻር ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት የሚገጣጠሙበት ጊዜ ይኖራል፤ የማይገጣጠሙባቸውን ሳምንታት ፈልግ፤ ፍርዱ የሚገኘው እነሱ ላይ ነው።

ስለ ማስረጃ። ሥራህን ሳትለቅ ማታ ማታ ልትሰበስበው የምትችለው ብዙ ነገር አለ። ከሜይ እስከ ጁን 2020 ሦስቱም አገሮች ለጸጥታው ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ደብዳቤዎቹ በተባበሩት መንግሥታት የሰነድ ማኅደር ላይ በነጻ ይገኛሉ። በጁን 2020 እና በጁላይ 2021 የተደረጉት ሁለት ስብሰባዎች ቃል በቃል የተመዘገቡ ናቸው፤ በመጀመሪያው አምባሳደር ታዬ አጽቀሥላሴ፣ በሁለተኛው ሚኒስትር ስለሺ በቀለ ኢትዮጵያን ወክለው የተናገሩትም እዚያው አለ። የሱዳንን ሁለት ንግግሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ አንብብ። በመጀመሪያው ምን ትጠይቃለች? በሁለተኛው የጨመረችው ምንድን ነው? የተወችውስ? ቱኒዚያ ያዘጋጀችው ጽሑፍ በሴፕቴምበር 2021 የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት መግለጫ ሆኖ ሲወጣ ሦስቱ አገሮች እንዴት ተቀበሉት? ይህን ለማወቅ አንድም ባለሥልጣን ደጅ መጥናት አይጠይቅም።

ከዚያ የሱዳን ዜና አገልግሎት፣ የመስኖ ሚኒስቴሩ መግለጫዎች፣ በእኛም በኩል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳምንታዊ መግለጫ፣ አዲስ ዘመን፣ ሪፖርተር። ዓረብኛ የማትችል ከሆነ አንድ የሚያግዝህ ሰው ፈልግ፤ በትርጉም መሣሪያ ብቻ የተነበበ የዓረብኛ ጋዜጣ ፈታኝ ፊት አይቆምም። ሰንጠረዥ አዘጋጅ፤ ቀኑ፣ ተናጋሪው፣ ተቋሙ፣ የጠየቀው ነገር፣ ለማን እንደተናገረ፣ ድንበሩን አንስቶ እንደሆነ። መቶ ያህል መግለጫ በዚህ መልክ ከደረደርክ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ጓደኞችህ የሌላቸው ነገር በእጅህ አለ። ከሰንጠረዡ በፊት መደምደሚያ አትጻፍ፤ ከሰንጠረዡ በፊት መግቢያም አትጻፍ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር የማነሳው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ጋዜጣ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ሰነድ በአውሮፓውያን፤ አንዳንድ የሱዳን ሰነድ ደግሞ በሂጅራ። በወር ስም ብቻ የተመዘገበ ክስተት ሲቀየር ሠላሳ ቀን ሊንሸራተት ይችላል፤ ቅድም እንዳየነው ደግሞ የክርክርህ ዕጣ በጥቂት ቀናት ልዩነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሁሉንም ገና ስትመዘግብ ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይር፤ የመጀመሪያውን ቀንም በጎን ባለው ዓምድ አቆይ።

ቃለ መጠይቅ ግዴታ አይደለም። የሰነድ ጥናት ብቻ ያለው፣ ሰነዱን ግን በአግባቡ የመረመረ ጽሑፍ፣ ስድስት ሰው አነጋግሬያለሁ ብሎ ስድስቱም የመንግሥትን መግለጫ ከደገሙለት ጽሑፍ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ሦስት ወር ይመላለሳል፣ በመጨረሻ የሚያገኘው ባለሙያ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ይነግረዋል። ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍልህ ዛሬ አጽፈህ አስገባ፤ ከዚያ እንዳላስገባህ ሆነህ ሥራህን ቀጥል።

አዲስ አበባ ውስጥ መሆንህ ግን የሚሰጥህ ሌላ ዕድል አለ። በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ ብዙ የሱዳን ምሁራን፣ ጋዜጠኞችና የሽግግሩ ዘመን ሰዎች ወደዚህ መጥተዋል፤ በሐምዶክ ይመራ የነበረው የሲቪሎች ጥምረት በሜይ 2024 ጉባኤውን ያካሄደውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የተፋሰሱ አገሮች የጋራ መሥሪያ ቤት የሆነው የምሥራቅ አባይ የቴክኒክ ጽሕፈት ቤትም እዚሁ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ሦስት እንኳ ብታገኝ ከአሥር የእኛ ባለሥልጣን ይልቅ ይጠቅሙሃል፤ ጥያቄህ ስለ ካርቱም ነውና።

ስታገኛቸው «ሱዳን ለምን አቋሟን ቀየረች?» ብለህ አትጠይቅ። ይህ ያንተ የምርምር ጥያቄ ነው፤ መልሱን የመፈለግ ሥራ ለሌላ ሰው አይሰጥም። እንደዚያ ከጠየቅህ የምታገኘው ንግግር ነው። ስለ ሂደቱ ጠይቅ፦ የሜይ 2020ውን መልስ ያረቀቀው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ረቂቁ ወደ ጦሩ ሄዶ ነበር? የአራትዮሽ ሽምግልናውን ሐሳብ መጀመሪያ ያነሳው ማን ነው? ሰው ስለራሱ ምክንያት ሲጠየቅ ራሱን ያሳምራል፤ ስለ አንድ ወረቀት ጉዞ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ያስታውሳል። የነገረህንም ከሰንጠረዥህ ጋር አገናኘው።

ጥንቃቄው ግን ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ሰዎች ስደተኞች ናቸው፤ ቤተሰባቸው ሱዳን ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ ሊያስጨንቃቸው ይችላል። የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳታገኝ አትጀምር። ስማቸውን ከቃላቸው ለይተህ አስቀምጥ፤ ድምፅ መቅዳት ካልፈለጉ አታግባባቸው፤ «የቀድሞ የመስኖ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሙያ» ማለት እንኳ ሰውዬውን ሊያሳውቅ ይችላልና አገላለጹን አብራችሁ ወስኑ። እስክትመረቅ ድረስ አንተም እነሱም አንድ ከተማ ውስጥ ትኖራላችሁ።

አሁን ንድፈ ሐሳቡ። ወደ መጨረሻ የገፋሁት ሆን ብዬ ነው። «የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ ጥያቄ ሳይኖር መልስ የለውም፤ ጥያቄ ካለ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ሪያሊዝምን፣ ሊበራሊዝምንና ኮንስትራክቲቪዝምን በተከታታይ አብራርቶ በትንተናው ምዕራፍ አንዳቸውንም አለመጥራት በአገራችን መመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ የተለመደ ሥርዓት ሆኗል፤ አንተ አትድገመው። በአባይ ጉዳይ የሚዘወተረው በ2006 ዘይቱንና ዋርነር ያቀረቡት የውኃ የበላይነት ማዕቀፍ ነው። አንድ አገር በተፋሰሱ ላይ የበላይ የሚሆንባቸውን ሦስት መሠረቶች ያስቀምጣል፤ ኃይል፣ በወንዙ ላይ ያለ አቀማመጥ፣ ውኃውን የመጠቀም አቅም። ግብፅንና ኢትዮጵያን ለማየት ጥሩ መነጽር ነው። ለሱዳን ግን ይቸገራል፤ ሦስቱም መሠረቶች በዓመታት የሚንቀሳቀሱ ናቸው፣ የካርቱም አቋም ደግሞ በወራት ነው የተለዋወጠው። ይህን ጉድለት በሁለት ገጽ ብታሳይ ራሱ አስተዋጽኦ ነው።

ለጥያቄህ የሚቀርበው ሮበርት ፑትናም በ1988 ያቀረበው የሁለት ደረጃ ጨዋታ ነው። ተደራዳሪ በአንድ ጊዜ በሁለት ጠረጴዛ ይቀመጣል ይላል፤ አንዱ ከባዕድ ጋር፣ ሌላው ከቤት ሰዎች ጋር፤ በውጭ ሊቀበለው የሚችለው የስምምነት ስፋት በቤቱ ሰዎች ይወሰናል። በ2020ው ካርቱም የቤቱ ሰዎች ማን ነበሩ? ይህን ከጠየቅህ ንድፈ ሐሳቡ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። አንድ ችግር አለ፤ ማዕቀፉ ሲቀረጽ በአእምሮ የነበረው ፓርላማ የሚያጸድቅበት መንግሥት ነው፤ የሽግግር መንግሥት ያለ ፓርላማ እንዴት «ያጸድቃል» የሚለውን ራስህ ማስረዳት ይኖርብሃል። ፈታኞችህ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም፤ እነሱ ከማንሳታቸው በፊት አንተ አንሣው።

ሌላ ያልጠየቅኸኝ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያዊ ሆነህ ስለ ግድቡ ስትጽፍ ብዕርህ ሳታውቀው ወደ አገርህ ያዘነብላል። ስሜቱን አልነቅፍም፤ ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ስንት አለ? መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ግን «ዓለም አቀፍ ሕግ ከእኛ ጋር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ቆም በል። የ1997ቱ የተባበሩት መንግሥታት የውኃ ኮንቬንሽን በጠቅላላ ጉባኤው ሲጸድቅ ኢትዮጵያም ግብፅም ድምፀ ተአቅቦ ነው ያደረጉት፤ ሁለቱም በውስጡ የሚያሰጋቸው አንቀጽ አይተው ነበር። «የእኛ ግድብ»፣ «ግብፅ በተለመደ ተንኮሏ» የሚሉ ሐረጎችን የመጨረሻው እርማት ላይ በፍለጋ አውጣና ሰርዝ። ከሱዳን ወገን የሚቀርበውን ክርክር አንድ የሱዳን መሐንዲስ አንብቦ «አዎ፣ የምንለው ይህንን ነው» በሚለው መልክ ጻፈው። የውጭ ፈታኝህ ከማን ወገን እንደሆነ አታውቅም፤ እሱም አንተ ከማን ወገን እንደሆንክ ከጽሑፍህ ባያውቅ ይመርጣል።

ሱዳንን ካልፈለግህስ? ሌላ መንገድ አለ፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ኢትዮጵያ ለዓመታት ጉዳዩ በሦስቱ አገሮች ብቻ ይለቅ ስትል ቆይታ በኖቬምበር 2019 ዋሽንግተን መሄድን ለምን ተቀበለች፣ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥስ ለምን ወጣች? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃው ግን ውጭ ጉዳይና ቤተ መንግሥት ውስጥ ስላለ ዘመድ ለሌለው ሰው አልመክረውም። ደቡብ ሱዳን የተፋሰሱ አገሮች ውኃውን በጋራ እንዲጠቀሙ የተዘጋጀውን ስምምነት፣ የናይል ተፋሰስን የትብብር ማዕቀፍ፣ በ2024 ለምን አጸደቀች የሚለውም አለ፤ በእሷ መጨመር ማዕቀፉ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በሥራ ላይ ውሏል። ለሦስተኛ ዲግሪ ያቆየሁት ዓይነት ጥያቄ ነው፤ ጁባ ሳይሄዱ አይሆንም።

ሱዳንን ከያዝክ የጥናትህን ዘመን ኤፕሪል 2023 ላይ ቁረጠው። ከዚያ ወዲህ በሱዳን ስም የሚናገረው ማን እንደሆነ ራሱ የሚያከራክር ስለሆነ «የሱዳን አቋም» የሚለው ነገር ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። ወደ አማካሪህ ስትመለስ አንድ ገጽ ብቻ ይዘህ ግባ፤ ከላይ ጥያቄው፣ ከሥሩ ሁለቱ ማብራሪያዎች፣ እያንዳንዱ ልክ ከሆነ በሜይ እና በጁን 2020 ምን ማየት እንዳለብን፣ በመጨረሻም አስቀድመህ ያወረድካቸው ስድስት ሰነዶች። ንድፈ ሐሳቡ ምንድን ነው ብሎ ከጠየቀህ ሁለት ደረጃ በለው፤ ካልጠየቀህ አንተ አትጀምረው።